የቀያሹ መኪና ለምን ተንቀጠቀጠች

የባለቤቴ አባት ቀያሽ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ባለሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው መሬት ሲለኩ፣ ድንበር ሲያበጁ፣ መንገድ ሲያሰምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «ቀያሹ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ በግማሽ ጣት ከዘመመ ተነስተው ሳያቃኑ ምሳ አይበሉም ነበር። ልጃቸውን ላገባ መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን ከፊቴ ይልቅ የክራባቴን ቋጠሮ ነበር ያዩት። «ወደ ግራ ሄዷል» አሉኝ። ከዚያ በቀር እንከን አልወጣልኝም።

እኔ መካኒክ ነኝ። ጋራዥ ሰፈር «ጆሮ» ይሉኛል። የሞተር ድምፅ አዳምጬ በሽታውን ስለምናገር ነው ብዬ እኔ አስባለሁ፤ ጆሮህ ትልቅ ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ፣ እነሱም አልዋሹም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቀያሹ ሰማያዊ መኪና ገና ከበሩ ሳትገባ ድምጿን ሰማሁና እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ ወጣሁ። ሚኒሞዋ ተበላሽቷል። ሚኒሞ የምንለው መኪና ቆማ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሞተሯ ለብቻው ቀስ ብሎ የሚዞረውን ነው። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲዞር እንደተኛ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ይቺ ግን ዳገት እንደወጣ አስም ያለበት ሰው ታለከልካለች፤ ልትጠፋ ትልና ደንግጣ ትነሳለች፤ ኮፋኖዋ ይንቀጠቀጣል፤ የታርጋዋ ቆርቆሮ ጥርስ ያፋጫል። ቀያሹም እንደ ወትሯቸው ግቢው መሐል ቀጥ አድርገው አላቆሟትም። ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ድረስ መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ የነበረው የጋራዡ ቀለም ቀቢ ብርጭቆውን ይዞ ብድግ አለና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ከጠዋት ጀምራ ነው» አሉ ወርደው። ትናንት ከምሳ በፊት ደህና እንደነበረች፣ ዛሬ ሲያስነሷት እንዲህ እንደሆነች፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ስላረጁ እነሱን ቀይሬ ቶሎ እንድሰጣቸው ነገሩኝ። ሰውየው ከመኪናም ከመካኒክም በላይ ስለሚያውቁ እሺ ብዬ ጀመርኩ።

አራቱን ካንዴላዎች ፈትቼ አየሁ። እሳቱ ደህና ነው፤ ጫፋቸው ብቻ ነጣ ብሏል። መልሼ አስሬ ገመዶቻቸውን ተራ በተራ እየነቀልኩ አዳመጥኩ፤ የትኛውንም ስነቅል ሞተሩ እኩል ይደክማል። ስለዚህ ሥራ ያቆመ የለም። አራቱም ይሠራሉ፣ አራቱም ታመዋል። እንዲህ ሲሆን ነገሩ ከትንፋሽ ነው። ሞተር ነዳጅና አየር በልክ ይፈልጋል፤ ከማጣሪያው ውጭ በሌላ ቀዳዳ አየር ከሰረቀ ይሰክራል።

ፒንሳዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሞተሩ የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ቆንጠጥ ማድረግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ምንም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ምንም። አራተኛው ወፍራሙ ነበር። እሱን ስቆነጥጠው ሞተሩ ጸጥ አለ። የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ አልጠፋም፣ ተኛ እንጂ። ስለቀው ማለክለክ። ስቆነጥጠው መተኛት። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀለም ቀቢውንም በዓይኔ ጠቀስኩት።

ከዚያ የያዝኩት ቱቦ የምኑ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ያ ቱቦ የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል ወደ ፍሬኑ የሚያደርሰው ነው። እሱ ሲኖር መኪና በአንድ እግር ጫፍ ትቆማለች፤ እሱ ከሌለ ፍሬኑ ይኖራል፣ ግን ረጋጩ የሦስት ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ሞተሩ እየሠራ ፍሬኑን ረገጥኩ። መጀመሪያ እሺ አለኝ። ሁለተኛው ከበደ። ሦስተኛው ድንጋይ ሆነ።

ወርጄ መብራት ይዤ ቱቦውን ከሥሩ አየሁ። ጎማ ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል፣ ከንፈሩ ይሻክራል፣ አመድ ይመስላል። ይህ አላረጀም። ከታች በኩል ከግማሽ በላይ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ፊቱ እንደ ቆዳ ጫማ ያብለጨልጫል። ከቁርጡ አጠገብ ደግሞ ሦስት ትንንሽ ጭረቶች አሉ። አንድ ሰው ቢላውን አሳርፎ፣ አንስቶ፣ እንደገና አሳርፎ፣ በአራተኛው ጨክኗል።

ክው አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ሥር ስተኛ አይጥ የበላው ቱቦ አይቻለሁ፣ እሳት የላሰው አይቻለሁ፣ ሰው በእጁ የቆረጠው ፍሬን ግን አይቼ አላውቅም።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አሉ ቀያሹ።

ቱቦ ተቀዷል አልኳቸው። አሳየኝ አሉ። ልደብቀው አስቤ ነበር፣ ነገር ግን እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ መደበቂያው ጠፋኝ፤ ፈትቼ ሰጠኋቸው። የገረመኝ፣ ዓይናቸውን ሳይጥሉበት አውራ ጣታቸውን ቁርጡ ላይ ማሳለፋቸው ነው። ጭረቶቹን በጥፍራቸው ቆጠሯቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ቢላ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የምኑ ቱቦ ነው?»

«የፍሬን ነው አባባ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው ጠዋት የሆነውን ነገሩኝ። ከመድኃኒት ቤቱ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ ብሏቸው በሁለት እግራቸው ቆመውበታል፣ የእጅ ፍሬኑን ስበዋል፣ አንድ የዳቦ ሳጥን የጫነ ብስክሌተኛ እየተሳደበ ከፊታቸው አምልጧል። ጉልበቴ ከድቶኝ ነው ብለው አፍረው ለማንም ላይናገሩ ወስነው ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ከዚያ፣

«የገዛ ልጄ ነው» አሉ።

ማንን ማለታቸው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። መሰላሉንና የገመድ ጥቅሉን በትከሻው እየተሸከመ ከተማ ለከተማ ስለሚንከራተት መኪናዋን ስጡኝ ማለት ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። አባቱ በሕይወት እያለሁ አይሆንም ብለውታል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ተናደደና «ይቺ መኪና አንድ ቀን ትገድልዎታለች» ብሎ ተነሳ። ያኔ ሁላችንም ስቀን ነበር። አሁን ያ ቃል ጋራዡ መሐል፣ በእኔና በቀያሹ መካከል ቆሞ ሁለታችንንም ያየናል።

እሱ አያደርገውም አልኳቸው። አልኩ እንጂ፣ በውስጤ ቢላውን እጁ ላይ አይቼዋለሁ። ስለዚያች ደቂቃ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በእኔ መኪና ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ጎኔ ተቀምጠው ቱቦውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ጸሎት መሰለኝ። ለልጃቸው ደውለው «ና» ብቻ አሉት።

እማማ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ ሳሎን ውስጥ ልብስ እየተኮሱ ነበር። የሸሚዙ ክምር ከጠረጴዛው አልፎ ወንበሮቹን ሞልቷል፤ የአልጋ ልብስ፣ የመስኮት መጋረጃ፣ የእጅ ፎጣ ሳይቀር ተተኩሷል። ስንገባ ባላቸውን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር አዩአቸው። «መጣህ» አሉና ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ምን ነካቸው ብዬ አላሰብኩም፤ ሐሳቤ ሁሉ ከሚመጣው ልጅ ጋር ነበር።

ሽቦ መጣ። ቀያሹ ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ይህን ታውቀዋለህ?»

አነሳና አገላበጠው። የመኪና ነገር ነው እንዴ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ልትገድለኝ የቆረጥከው ነው» አሉ አባቱ።

ልጁ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀልድ መስሎት ነው። አባቱ ቀልድ እንደማያውቁ ሲያስታውስ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ፤ ከንፈሩ ነጣ። አንዴ አባቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። «አባባ» አለ። ቀያሹ እጃቸውን አነሱ። ልጃቸውን በሃያ ስምንት ዓመት ዕድሜው ሙሉ አንዴም መትተውት አያውቁም።

እማማ ካውያውን አቆሙ። ጎንበስ ብለው ከሶኬቱ ነቀሉት። ገመዱን ጠቀለሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«እጅህን አውርድ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ።

እኔ ጆሮዬን አላመንኩትም፤ ስሜ ጆሮ ይሁን እንጂ።

እማማ ሳያለቅሱ ነው የተናገሩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለቱ ከሕክምና ሲመለሱ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ከግራ በኩል ትሻገር ነበር። ቀያሹ ፍጥነት አልቀነሱም። እማማ ሲጮኹ መሪውን ወዘወዙት፤ የጎን መስታወቱ የልጅቷን ቦርሳ ከጀርባዋ ላይ መንጭቆ ጣለው። ልጅቷ ቆማ ቀረች። ቀያሹ «ምን ሆንሽ? ለምን ትጮኺያለሽ?» ብለው መንዳታቸውን ቀጠሉ።

«የቷ ልጅ?» አሉ ቀያሹ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማኸው?» አሉኝ። «ይኸው ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራቸውም። መኪናዋን ተዋት ብለው ለምነዋል፤ ተስቆባቸዋል። ቁልፉን ደብቀዋል፤ ሁለተኛ ቁልፍ ወጥቷል። ለልጆቻቸው እንዳይናገሩ የባላቸውን ገበና ማውጣት ሆነባቸው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት «የቀያሹ ዓይን» ሲባል ኖረው «ዕውሩ ቀያሽ» ሲባል መስማት አልሆነላቸውም። ትናንት ከምሳ በኋላ ባላቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው የድንች መላጫ ቢላቸውን በሽርጣቸው ይዘው ወጡ። ኮፋኖ መክፈት ያውቃሉ፤ ለዓመታት ባላቸው ዘይት ሲያዩ መብራት የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

«ወፍራሙን መረጥኩ» አሉ። «ነዳጁ በሱ የሚሄድ መስሎኝ። አትነሳም፣ ትሞታለች፣ በቃ ይተዋታል ብዬ ነው። ጠዋት ስትነሳ ከበሩ አታልፍም አልኩ። አለፈች። በነጠላ ጫማ እስከ መንገዱ ተከትዬ ሮጥኩ። አልሰማኝም።»

«የቆረጥሽው ነዳጅ አይደለም» አሉ ቀያሹ። «ፍሬኔን ነው።»

እማማ አልገባቸውም። «የምን ፍሬን?» ብለው እኔን ጠየቁ። «ልጄ፣ አንተ ንገረኝ። ፍሬን ነው እንዴ?»

መዋሸት ብችል በዋሸሁ። ራሴን ከፍ ዝቅ አደረግኩ።

እማማ የተተኮሱት ሸሚዞች ላይ ተቀመጡ። ሸሚዞቹ ከሥራቸው መሆናቸውን ያወቁ አይመስለኝም። ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው መዳፋቸውን ያዩ ጀመር፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ቤቱን ሙሉ ሲተኩሱ የዋሉት፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ ባላቸው ተናደው ይደውላሉ ብለው ነበር። ሊመጣ ይችል የነበረው ስልክ ሌላ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባቸው።

ቀያሹ ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ወንበር ፈልገው፣ በእጃቸው ዳብሰው፣ ከሚስታቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ግራው ከጠፋ አሥራ አራት ወሩ ነው» አሉ። «ቀኙም ከዳር ከዳር እየጨለመ ነው። ሐኪሙ አትንዳ ብሎኛል።»

ሁለተኛው ድንጋጤ ይህ ነበር። ከመጀመሪያው የሚተናነስ አልነበረም። ያውቁ ነበር። ከቤት እስከ ጋራዡ መንገዱን በቃላቸው ይዘውታል፤ ከበሩ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ እስከ ዘጠኝ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ እስከ መድኃኒት ቤቱ እስከ ሃያ ስድስት፣ ቁልቁለቱን እስከ አሥራ አንድ። ጎኔ ተቀምጠው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጸሎት የመሰለኝ ቁጥር ነበር። ሰው ሲሻገር ቁጥሩ ውስጥ አልነበረም። ይህን የነገሩን አንገታቸውን ደፍተው ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ልጆቼን በመኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ አሳፍሬ እንደላክሁ ማሰብ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ።

ሽቦ ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ፣ ሊሰበር እንደሚችል ነገር አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ ብለው አሰቡ» አለ ለአባቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተም» አለ። ወጥቶ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማንም ሊጠራው አልደፈረም።

በማግስቱ ጋራዥ ገብቼ ያቺን መኪና ሠራኋት። ሥራው ራሱ የሃያ ደቂቃ ነው፤ የቱቦውን ያህል አዲስ ጎማ መቁረጥ፣ በሁለት ማሰሪያ ቀለበት ማጥበቅ፣ አየር ማስገቢያውን ከጥላሸት ማጠብ፣ ሚኒሞውን በልኩ ማስተካከል። እኔ ግን እስከ ምሳ ቆየሁበት። አዲሱን ቱቦ ስቆርጥ ቢላው በእጄ ውስጥ ከበደኝ። ሞተሩ እንደተኛ ሕፃን ሲተነፍስ ቀለም ቀቢው «እጅህ ይባረክ» አለኝ፤ አንድም ደስታ አልተሰማኝም።

ባለቤቴ አባቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የሚያውቁትን ነገራቸው። ቀያሹ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሳሎን ተኙ፤ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በእኛ በኩል ሆነ። «ለእናትሽ ንገሪያት»፣ «ለአባትሽ ንገሪው»፤ ሁለቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው።

በዚያ መሐል አንድ ቀን እማማ እስከ በሩ ሸኙኝ። ግራ ቀኙን አይተው፣

«ልጄ፣ የትኛውን ነበር መቁረጥ የነበረብኝ?» አሉኝ።

እየቀለዱ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ። አልነበሩም። ደነገጥኩ። አንድ ስልክ ቢደውሉልኝ እኔ መጥቼ እንዳትነሳ አደርጋት እንደነበር ነገርኳቸው። አሰቡበት። «እሱማ ለሰው መናገር ነው» አሉና ተመልሰው ገቡ።

በሃያኛው ቀን ከሐኪም ቤቱ የቀጠሮ ወረቀት መጣ። ቀያሹ ወረቀቱን መስኮት ላይ ወሰዱት፣ መብራት ሥር ወሰዱት፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብተው ለሚስታቸው ዘረጉላቸው። «አንብቢልኝ» አሉ። እማማ እጃቸውን ጠርገው አነበቡላቸው። ዕርቁ ያ ነበር፤ ሌላ ንግግር መኖሩን የነገረኝ የለም። ቀያሹ መኪናዋን ለሽቦ ስጥልኝ ብለው ላኩኝ፤ ሽቦ አልፈልጋትም አለ። አንድ ልብስ ሰፊ ገዛት።

ሽቦ ግን ቤት አይመጣም ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሺ ይለኛል፣ ዓይኔን ግን አያይም። ወር ሲሞላው ቀያሹ ዱላቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። በእግራቸው ነው፣ ለብቻቸው። የት እንደሚሠራ ጠየቁኝ። አዲስ በሚሠራ ሕንፃ ውስጥ ገመድ እየዘረጋ እንደሆነ ነገርኳቸውና ይዣቸው ሄድኩ። በመንገድ ሁሉ የሚሉትን ሲያሰናዱ ነበር፤ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ «ልጄ ሆይ» ይሉና ያቆማሉ።

ሽቦን ያገኘነው ምድር ቤት፣ ኮርኒስ ሥር መሰላል ላይ ነው። አባቱን ሲያይ ፒንሳው ከእጁ አመለጠ። ቀያሹ ድምፁ ወደመጣበት ሄዱ፣ መሰላሉን በእጃቸው አገኙት፣ ቀና አሉ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከተነሳንበት ሰዓት ጀምሮ ያዘጋጁት ሁሉ ጠፋቸው መሰለኝ።

ልጁ ከላይ አያቸው።

«አባባ፣ መሰላሉ ይንቀሳቀሳል» አለ። «ያዙልኝ።»

ቀያሹ ዱላቸውን ለእኔ ሰጡኝና በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ ፒንሳውን አንስቼ አቀበልኩት። ሥራው እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ሰውየው ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ እንጂ አንዴም ሲለቁ አላየሁም።